ምዕራፍ 7፦ እልህ ወዴት ይፈሳል?

በክረምት የእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ነው፤ መድረሻው ግን ሁለት ነው። በስተደቡብ በኩል ያረፈው ጠብታ በቀበና ወይም በግንፍሌ አድርጎ ይወርዳል፤ ከአቃቂ ጋር ተቀላቅሎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን ያረፈው ጠብታ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ጉዞው የሚያበቃው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ሁለቱ ጠብታዎች ከአንድ ደመና የወረዱ ናቸው። የለያያቸው ያረፉበት ተዳፋት ነው።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ አለ። ንዴት፣ ቁጣ፣ ቂም፣ እልህ ስንል ስሞቹ የሙቀት መጠን የሚለኩ ይመስለናል፤ አንዱ ለዘብ ያለ፣ ሌላው የበረታ። ዋናው ልዩነታቸው ግን ሌላ ቦታ ነው። የብርቱ ስሜት ስም ከሁሉ በላይ የሚነግረን ተዳፋቱን ነው፤ ስሜቱ ምን ቀሰቀሰው? ወዴትስ ያዘነብላል? ውኃው አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ አቅጣጫውን ያሳያል።

ይህን ለማየት ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እልህን የሚያህል አላገኘሁም። አንዳንዶች እልክ ብለው ይጽፉታል፤ ቃሉ አንድ ነው። የመረጥሁት ልክ ሸንተረሩ ላይ የቆመ ቃል ስለሆነ ነው። ‹‹በእልህ ሠርቶ ቤቱን ጨረሰ›› ሲባል ሙገሳ ነው፤ ‹‹በእልህ ቤቱን አፈረሰ›› ሲባል ወቀሳ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውኃው የወረደበት ወገን ነው።

የቃሉን ሆድ መክፈት

በምዕራፍ 5 ቃላትን በቃላት ስንፈታ የሚያጋጥመንን ችግር አይተን ነበር። እልህ ምንድን ነው? ‹‹ቁጭት ያለበት ንዴት።›› ቁጭትስ? ‹‹እልህ ያለበት ጸጸት።›› እንዲህ እየዞርን ከተነሣንበት እንመለሳለን። በፖላንድ ተወልዳ በአውስትራሊያ የሠራችው የቋንቋ ተመራማሪ አና ዊርዝቢካ ለዚህ ያቀረበችው መውጫ ቀላል ነው፤ ስሜትን በስሜት ስም አትፍታው፣ ማንኛውም ሕፃን በሚያውቃቸው ቃላት ብቻ ፍታው። እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ አደርጋለሁ፣ አስባለሁ፣ ሰው፣ ጥሩ፣ መጥፎ። እንደነዚህ ካሉ ቃላት ሳንወጣ እልህን ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

አንድ ሰው ‹‹ይህን ማድረግ አትችልም›› አለኝ፤ ወይም እንደዚያ የሚያስብ መሰለኝ።
ይህ ለእኔ መጥፎ ነው።
እሱ ያለው እንዲሆን አልፈልግም።
ስለዚህ አደርገዋለሁ፤ ሰውነቴ ባይፈልግም አደርገዋለሁ።
እስካደርገው ድረስ ይህን ማሰብ አልተውም።

ከአምስቱ መስመሮች ሦስቱን አንድ በአንድ እያነሣን እንፈትን። የመጀመሪያው ከሌለ እልህ የለም። እልህ የሚናቅ ሰውና የሚንቅ ሰው ይፈልጋል፤ ናቂው በአካል ባይኖር እንኳ በሐሳብ መኖር አለበት። አራተኛው ከሌለ ስሜቱ ቅሬታ ሆኖ ይቀራል። አምስተኛው ከሌለ ደግሞ ቶሎ የሚበርድ ንዴት ነው።

የመጀመሪያው መስመር ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከየካ በላይ ያለው የእንጦጦ መንገድ ያስተምራል። ማለዳ ላይ በዚያ ዳገት ሁለት ዓይነት ሰዎች ይተላለፋሉ፤ ወደ ላይ የሚሮጡ አትሌቶችና ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶች። ድካሙ የሁለቱም ነው፤ እንዲያውም የሸክሙ ይብሳል። ነገር ግን እናቲቱን ‹‹በእልህ ተሸከመች›› ብንላት አማርኛ አዋቂ ጆሮ ወዲያው ይጠይቃል፦ ማን ምን አላት? ለልጆቿ እንጀራ ብላ በየቀኑ ያን ሸክም የምታወርድ ሴት ያላት ጽናት ነው። ጽናት ተመልካች አይፈልግም፣ ተቃዋሚም አይፈልግም። እልህ ግን ያለ ተቃዋሚ አይነሣም። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ላብ ሊገልጹ ይችላሉ፤ የላቡን ምንጭ ግን ለይተው ይናገራሉ።

ጎረቤቶቹ

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ብቻውን ቆሞ አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በሚካፈለው ድንበር ነው። የእልህ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው።

ቁጣ ይገነፍላል። የተቆጣ ሰው ይጮኻል፣ ይገሥጻል፤ ከተናገረ በኋላ ይቀልለዋል። ቁጣ ከላይ ወደ ታች የሚሄድበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ አባት ልጁን፣ አለቃ ሠራተኛውን ይቆጣል። እልህ ግን ብዙውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው፤ የተናቀው የናቀውን እያየ የሚይዘው ስሜት ነው።

ቂም ይቀመጣል። ቂመኛ ሰው ላይ ላዩን ሰላም ነው፤ ቀኑን ይጠብቃል። የሚፈልገውም የሌላውን ውድቀት ነው። እልኸኛ የሚፈልገው በመጀመሪያ የራሱን መቻል ነው።

ቁጭት ወደ ኋላ ያያል። ‹‹ቆጨኝ›› የሚል ሰው ያመለጠው ነገር አለ። እልህ ወደ ፊት ያያል፤ ገና ያልተደረገ ነገር አለው። በአንድ ሰው ልብ ሁለቱ ሲከታተሉ ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ትናንት ያመለጠው ይቆጨዋል፣ ነገን በእልህ ይጀምራል።

ወኔ ከውስጥ ይነሣል። ወኔ ያለው ሰው ማንም ባይነካውም ይደፍራል። እልህ ግን ካልነኩት አይነሣም።

ቅናት የሌላውን ይመኛል። እልህ የሌላውን ላይመኝ ይችላል፤ የሚፈልገው ‹‹አይገባህም›› የተባለውን የራሱን ድርሻ ነው።

እነዚህ ድንበሮች አጥር አይደሉም፤ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ሊያልፍባቸው ይችላል። ሆኖም ተናጋሪው ‹‹እልህ ያዘኝ›› ብሎ ሲመርጥ የቀሩትን አምስቱን ትቶ ነው፤ ያ ምርጫ ራሱ መልእክት ነው።

ግሱ የሚናገረው

የስሜት ስም ከየትኞቹ ግሶች ጋር እንደሚሄድ መመልከት የቃላት ፍች አጥኚዎች ዋነኛ መሣሪያ ነው። እልህ አራት ታማኝ ባልንጀሮች አሉት።

አንደኛው ያዘ ነው፤ እልህ ያዘኝ። አማርኛ በአንዳንድ ስሜቶች ላይ ሰውየውን አድራጊ፣ በሌሎቹ ላይ ተቀባይ ያደርገዋል። ወደድሁ፣ ጠላሁ፣ ተቆጣሁ ስል አድራጊው እኔ ነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ናፈቀኝ፣ ጨነቀኝ ስል ግን ነገሩ ደረሰብኝ እንጂ እኔ አላደረግሁትም። እልህ ያዘኝ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሰዋስው ራሱ መነሻው ከውጭ እንደሆነ ይመሰክራል፤ ስለዚህም እልህ ስለያዘው ብቻ ማንንም አንወቅስም።

ሁለተኛው ተጋባ ነው፤ እልህ ተጋቡ። ይህ ግስ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን እልህ የሚጋባ ሰው የለም። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ክንድ መሬት ድንበር እልህ ሲጋቡ ክርክሩ ከመሬቱ ዋጋ በላይ ያስወጣቸዋል፤ ሆኖም ማንኛቸውም አይመለሱም። መነሻው መሬቱ ነበር፤ አሁን መሬቱ ተረስቶ የቀረው ‹‹እሱ ከሚያሸንፍ›› የሚለው ነው። ‹‹እልህ ምላጭ ያስውጣል›› የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ወገን ነው። ምላጭ የሚውጠው ሰው ራሱን ይጎዳል፤ የሚጎዳውም ሌላው እያየው ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ተወጣ ነው፤ እልሁን ተወጣ። ይህን ግስ በግዴታና በኃላፊነትም ላይ እንጠቀምበታለን፤ ግዴታውን ተወጣ፣ ኃላፊነቱን ተወጣ እንላለን። እልህ እንግዲህ በራስ ላይ እንደተጫነ ግዴታ ነው፤ ሲፈጸም ያልቃል። ቂም ይህ ማለቂያ የለውም፤ እልህ ግን አለው። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ብዙ ትለውጣለች። ‹‹እልሁን ተወጣ›› ስንል ሥራው ተሠራ፣ ሰውየውም ዐረፈ ማለታችን ነው። ‹‹እልሁን ተወጣበት›› ስንል ግን የተጎዳ ሌላ ሰው አለ። -በት የምትለው ቅጥያ ውኃውን ከአንዱ ተዳፋት ወደ ሌላው ታዞረዋለች። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሁሉ በእርሷ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

አራተኛው አስጨረሰ ነው፤ እልህ አስጨራሽ። የስፖርት ጋዜጠኞች ቃሉን ስለለመዱት ጆሯችን ሳያስተውለው ያልፋል። ሐረጉ ግን እልህ የሚያልቅ ነገር እንደሆነ፣ አንዳንድ ፉክክር ደግሞ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እንደሚጨርሰው ይናገራል።

የሯጮቹ ቋንቋ

ቃላቱን በሥራ ላይ የምናይበት ቦታ የካና እንጦጦ ነው። አዲስ አበባ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ዳገቱ ለሁሉም ‹‹አትችልም›› ይላል።

ራሱም ሯጭ የሆነው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ማይክል ክሮሊ ከዓመት በላይ ኮተቤ ተቀምጦ ከሯጮች ጋር ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ካጎላቸው ነገሮች አንዱ ሯጮቹ ለብቻ መሮጥን የማይመርጡ መሆናቸው ነው። በቡድን ይወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን እግር ይከተላል። ይህ ለእልህ ትልቅ ትምህርት አለው። አብሮ የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ የሚበልጠው ሰው ከፊቱ አለ፤ መነሻው በየማለዳው ይቀርብለታል። ነገር ግን በልምምድ መካከል ሁለት ሯጮች እልህ ከተጋቡ ልምምዱ ውድድር ይሆናል፤ ለውድድር ቀን የሚያስፈልገው ጉልበት ጫካ ውስጥ ያልቃል። አብሮ መሮጥ እልህን ይዞ አለመጋባትን መማር ነው።

ከአደባባይ ታሪክ ሦስት ምሳሌዎችን እንውሰድ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምሩጽ ይፍጠር ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ለ5,000 ሜትሩ ግን በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ውድድሩ አመለጠው። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ የአፍሪካ አገሮች ከኦሊምፒኩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ምሩጽ የሮጠው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው። ‹‹ማርሽ ቀያሪው›› የተባለበትን አጨራረስ አሳይቶ በ10,000ም በ5,000ም ወርቅ ወሰደ። ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። ለሙኒክ ቁጭት፣ ለሞስኮ እልህ። ልብ በሉ፤ በሞንትሪያል የጠፋውን ዕድል የሚመልስበት ባለዕዳ ሰው አልነበረም። ‹‹ተወጣበት›› የሚባል ማንም የለም፤ ‹‹ተወጣ›› ብቻ ነው የሚባለው።

ሁለተኛዋ ጥሩነሽ ዲባባ ናት። በ2007 ኦሳካ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር መካከል ወድቃ ከመሪዎቹ ርቃ ቀረች፤ የሆድ ሕመምም ነበረባት። ተነሥታ ርቀቱን አጥብባ፣ በ31 ደቂቃ ከ55.41 ሴኮንድ አንደኛ ወጣች። ከላይ የጻፍነው አራተኛው መስመር፣ ‹‹ሰውነቴ ባይፈልግም አደርገዋለሁ›› የሚለው፣ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አይገኝለትም። እዚህ ላይ ‹‹አትችልም›› ያለው ሰው አይደለም፤ የወደቀው አካል ራሱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህንንም እልህ ይለዋል፤ ውድቀቱን እንደ ናቂ ሰው ቆጥሮ ነው።

ሦስተኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ናቸው። በ1996 አትላንታ ላይ ኃይሌ አሸነፈ፣ ቴርጋት ሁለተኛ ሆነ። በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ከ10,000 ሜትር በኋላ ልዩነታቸው የሴኮንድ መቶኛ 9 ነበር። እልህ አስጨራሽ የሚለው ሐረግ እንዲህ ላለው ውድድር ነው ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው፤ ከሁለቱም ዘንድ ያልወጣ ነገር አልቀረም። ሆኖም እነዚህ ሁለት ሰዎች በጠላትነት አይታወሱም፤ በመከባበር ነው። ፉክክሩ በሰውየው ላይ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ያተኮረ ነበር።

ከኢሎንጎት ተራሮች

እልህ የእኛ ብቻ ነው ብለን እንዳንታለል አንድ የሩቅ ምሳሌ ይረዳናል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሚሼል ሮዛልዶ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1974 ከባለቤቷ ጋር በሰሜን ፊሊፒንስ ተራሮች ከሚኖሩት ኢሎንጎቶች ጋር ኖራለች፤ ያየችውን በ1980 መጽሐፍ አድርጋ አሳትማለች። መጽሐፉ የሚያጠነጥነው ‹‹ሊጌት›› በተባለ አንድ ቃል ላይ ነው። በመጀመሪያ ሲሰሙት ቁጣ ይመስላል። ሰው ሲሰደብ ወይም እኩያው ሲበልጠው ሊጌት ይነሣበታል፤ ኢሎንጎቶች በቀድሞ ዘመን ሰው ለመግደል የዘመቱትም በዚሁ ስሜት ነበር። ነገር ግን ያው ቃል መሬቱን አጥብቆ የሚያርስ ገበሬን፣ በሥራ የሚተጋን ሰው ለማወደስም ይነገራል። ያላተኮረ ሊጌት ሰውን ያደናብራል፤ ያተኮረ ሊጌት ጎተራ ይሞላል።

ሊጌትና እልህ አንድ አይደሉም፤ የራሳቸው ባህል፣ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የሚያመሳስላቸው ግን ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ሸንተረሩ ላይ የሚቆም ቃል አስፈልጓቸዋል። ሁለቱም መናቅ የሚወልደው ጉልበት አስቀድሞ ክፉም ደግም እንዳልሆነ ተረድተዋል።

እልህ በሃይማኖት ቋንቋም መጥፎ ጎኑ ጎልቶ ይታያል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዕብራውያን መልእክት፣ እልከኛ ልብ የማይሰማና የማይመለስ ልብ ነው፤ አማኞችም እንዲጠነቀቁት ይነገራቸዋል። ይህ ከሯጮቹ እልህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በሁለቱም ውስጥ ያለው አለመመለስ ነው። ከጥፋት አለመመለስ ልበ ደንዳናነት ይባላል፤ ከዳገት አለመመለስ ብርታት።

ስሙን ማወቅ ምን ይረባል?

ስሜትን በትክክል መሰየም የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች ስሜታቸውን ምን ያህል ነጣጥለው እንደሚሰይሙ አጥንተዋል። አንዳንዱ ሰው መጥፎ ስሜት ሲሰማው ‹‹ደበረኝ›› ብቻ ይላል፤ ሌላው ግን የተሰማው ኀፍረት ይሁን ንዴት ወይም ቁጭት ይለያል። ስሜታቸውን ለይተው የሚሰይሙ ሰዎች በተናደዱ ጊዜ ወደ ጥቃት የመሄድ ዝንባሌያቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ከዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ጋር ይገጥማል፤ ተዳፋቱን ያወቀ ሰው ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ያያል፣ ካስፈለገውም ቦይ ይቀድዳል።

እልህ ሲይዘን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሦስቱም ከቃሉ ሆድ የወጡ ናቸው። ‹‹አትችልም›› ያለኝ ማን ነው? ምን እንዳልችል ነው የተባልሁት? ባደርገው በእጄ ምን ይቀራል? ሦስተኛው ወሳኙ ነው። መልሱ ቤት፣ ትምህርት፣ ሙያ ወይም ሩጫ ከሆነ እልሁ ሥራ አግኝቷል፤ ሲያልቅም ያሳርፋል። መልሱ የዚያ ሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ብቻ ከሆነ ግን እልህ ተጋብተናል፤ የጀመርንበት ነገር ከተረሳ ቆይቷል።

ይህ ለወላጆችና ለመምህራን ከሁሉ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ‹‹እልኸኛ ልጅ›› በቤታችን የቅጣት መነሻ ነው፤ ልጁ እስኪሰበር ድረስ እኛም ከእሱ ጋር እልህ እንጋባለን። የቃሉን ፍች ከተቀበልን ግን እልኸኛ ልጅ ማለት ‹‹አትችልም›› መባልን የሰማና ያልተቀበለ ልጅ ነው። ያን ልጅ ዝም ከማሰኘት በፊት ምን እንዳይችል እንደተባለ መጠየቅ፣ ከዚያም የሚችልበትን ሥራ መስጠት የእኛ ድርሻ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ የምናነሣው ቁጭት ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ሥራ ያላገኘ እልህ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እሱን ነው።